ለሙጃ መንገድ ጎማ የሚመርጠው ማነው?

ከአዲስ አበባ ወልድያ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ሁሉ አስፋልት የጨረሰ ላንድክሩዘር የድልብን ዳገት ወጥቶ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ የግዳን ወረዳ ከተማ ወደሆነችው ሙጃ ሲያቀና የሚቀረው ርቀት ከመጣበት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። የጎማው ዕጣ የሚወጣው ግን በዚችው ጥቂት መንገድ ላይ ነው። የላስታ ደጋ ጥቁር ድንጋይ ሲሰበር ስለት ያወጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዋልካው ጥርስ የሌለውን ጎማ ይዞ አይለቅም። አስፋልት ጎማን ቀስ እያለ ይጨርሰዋል፤ ይህ መንገድ ግን አንድ ቀን ጎኑን ሰንጥቆ ይገድለዋል።

ጉዳዩ የሾፌሮች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገበያውን ባላሳሰበ ነበር። ነገር ግን መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ በእጅ ያለ ቪ8 ወይም ፕራዶ እንደ ከተማ ቦታ የሚያዝ ንብረት ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ወደ 58 ብር ይጠጋ ነበር፤ በዓመቱ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። አገሪቱ ነባር የጎማ ፋብሪካ እንዳላት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው አዲስ ጎማ በ2004 ከስሎቫኪያው ማታዶር ጋር ተጣምሮ፣ ከ2011 ወዲህ ደግሞ ሆራይዘን አዲስ ጎማ በሚል ስም ሠርቷል። የትልልቆቹ መኪናዎች ሰፋፊ ልኮች ግን በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ በመሆናቸው የምንዛሪው ጭማሪ በቀጥታ ያርፍባቸዋል።

እንግዲህ ይህን ውድ ዕቃ የሚመርጠው ማነው ቢባል፣ ሙጃ የማይሄድ ሰው ነው። ባለንብረቱ አዲስ አበባ ተቀምጦ መኪናውን ለፕሮጀክት፣ ለእርዳታ ድርጅት ወይም ለአስጎብኚ በቀን ሒሳብ ያከራያል። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ላሊበላ ከደረሰ ወዲህ የአስጎብኚው ሥራ ክፉኛ በመዳከሙ የእርዳታው ኪራይ ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል። በተለመደው ውል ነዳጅ የተከራይ፣ ጎማና ሰርቪስ የአከራይ ነው። የቀን ኪራዩ መኪናው ኮምቦልቻ ቢውል ወይም ሙጃ ቢውል አንድ ነው። ስለዚህ ባለንብረቱ ለተሻለ ጎማ የሚጨምረው ገንዘብ ተመልሶ የሚገባበት በር የለም፤ ለርካሹ ቢያደላ አይፈረድበትም። ተከራዩም በፊናው ጎማው የእሱ አይደለምና በድንጋዩ ላይ «ቶሎ በል» ማለቱን አይተውም።

የሁለቱን ስሌት በወገቡ የሚሸከመው ሦስተኛው ሰው ነው። ማታ በደጋ ብርድ፣ ክሪኩ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠበት ስኮርታ የሚቀይረው ሾፌሩ ነው። ስኮርታው ራሱ ከባለፈው ቅያሪ የተረፈ ላጣ ጎማ ከሆነ ችግሩ ገና አላለቀም። ከድልብ ወደ ወልድያ ቁልቁል ሲወረድ የፊት ጎማ ቢፈነዳ ደግሞ ሒሳቡ በብር የሚወራረድ አይሆንም።

በብር የሚወራረደውም ቢሆን በአብዛኛው በስህተት ነው የሚሰላው። ለስሌት ያህል አንዱ ጎማ 20 ሺህ ብር ሆኖ 30 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 32 ሺህ ብር ሆኖ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ለ60 ሺህ ኪሎ ሜትር ርካሹ ሁለት ጊዜ አራት አራት ጎማ፣ ማለትም 160 ሺህ ብር ይፈልጋል፤ ውዱ 128 ሺህ ብር ይበቃዋል። ልዩነቱ የአንድ ስኮርታ ዋጋ ነው። ይህን ሒሳብ የሶማሌ ተራ ደላላ በጣቱ ቆጥሮ ያስረዳል፤ ውድ ጎማም የሚሸጠው በዚሁ ነው። ችግሩ የአስፋልት ሒሳብ መሆኑ ነው። ያው የ32 ሺህ ብር ጎማ በ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ጎኑ ቢሰነጠቅ በኪሎ ሜትር 6 ብር ከ40 ሳንቲም በላ ማለት ነው፤ ዕድሜውን ቢጨርስ 53 ሳንቲም ብቻ ይበላ ነበር። የጎን ስንጥቅ ደግሞ የትኛውም ጎሚስታ ቢለጥፈው አይታመንም። (በረባሶ ለሚሠራው ሰው ጥሩ ዜና ነው፤ ለባለንብረቱ ግን አይደለም።)

ስለዚህ በዚህ መንገድ መጀመሪያ መታየት ያለበት የጎማው ስምም ሆነ የጥርሱ ጥልቀት ሳይሆን ጎኑ ነው። ለምሳሌ በብዙ ቪ8 ላይ የሚገኘው 285/60 አር 18 ጎማ የጎኑ ቁመት 171 ሚሊ ሜትር ነው። 285/65 አር 17 ቢሆን ጎኑ 185 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የጎማው ጠቅላላ ቁመት ግን በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚለይ የፍጥነት መቁጠሪያውን አያዛባም። ፍሬኑ ባለ 17 ቸርኬ የሚያስገባ ከሆነ ትንሹ ቸርኬ ለድንጋይ የተሻለ ነው። ከተማው የወደደው ባለ 20 ቸርኬ ግን 285/50 ሲለብስ ጎኑ ወደ 143 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ለቦሌ ያምራል፤ ለሙጃ ግን ቸርኬውን ለድንጋይ እንደማቅረብ ነው።

ከዚህ ተነስቶ ትልልቅ ጥርስ ያለውን የጭቃ ጎማ መግዛትም ሌላ ስህተት ነው። ወልድያ ለመድረስ 520 ኪሎ ሜትር አስፋልት አለ። ጣርማ በር ላይ በዝናብ ፍሬን ሲያዝ የጭቃ ጎማ ይንሸራተታል፤ ነዳጅም ይጨምራል። የሚያዋጣው በሁለቱ መካከል ያለው፣ ነጋዴው «ኤ/ቲ» የሚለው፣ ጎኑ የጠነከረ ጎማ ነው። የመሸከም ቁጥሩም ፋብሪካው ከጻፈው በታች መውረድ የለበትም፤ 116 የሚል ቁጥር በአንድ ጎማ 1,250 ኪሎ ማለት ነው። «ሁለቱን አሁን፣ ሁለቱን በኋላ» የሚባለው ልማድም መቅረት አለበት። እነዚህ መኪናዎች አራቱንም እግር ሁልጊዜ የሚያሽከረክሩ በመሆናቸው፣ ቁመቱ የተለያየ ጎማ ዲፈረንሻሉን በከንቱ ያደክመዋል።

ዕድሜውም መታየት አለበት። ጎማ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል። ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ካሉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራቱ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 2321 ማለት የ2021 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ነው። ቁጥሩ በጎማው በአንዱ ጎን ብቻ ሙሉ ሆኖ ስለሚጻፍ ሻጩ ሌላኛውን ጎን ብቻ ካሳየ ገልብጥልኝ ማለት ነውር አይደለም። ምንዛሪ ጠፍቶ በቆየባቸው ዓመታት በውድ የገባ ዕቃ ቶሎ አለመሸጡ አይገርምም፤ ሆኖም ለአራት ዓመት ጎማ የአዲስ ጎማ ዋጋ የሚከፈልበት ምክንያት የለም።

ይህ ሁሉ እውቀት ግን ውሉ ካልተለወጠ ባለንብረቱን አይጠቅመውም። የኪራይ ጨረታዎች የመኪናውን የሞዴል ዓመት አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ የጎማውን ዓይነትና ዕድሜ የሚጠይቁት ግን ጥቂት ናቸው። አነስተኛ ዋጋ ያቀረበ ሲያሸንፍ፣ ያሸነፈው ጎማው ላይ ቆጥቦ ሊሆን ይችላል። የሚሻለው የአስፋልትና የጠጠር መንገድ የቀን ኪራይ ተለይቶ እንዲጻፍ፣ የጎማው ልክ፣ የመሸከም ቁጥርና የምርት ዓመት በርክክብ ሰነዱ ላይ እንዲሰፍር፣ በጠጠር መንገድ በድንጋይ የተሰነጠቀ ጎማ ወጪም አከራይና ተከራይ እንዲካፈሉት ማድረግ ነው። ተከራዮች ኪራይ ይወደድብናል ማለታቸው አይቀርም። መኪናው ሙጃ ላይ ጎማ ሲጠብቅ የሚያልፈውን ቀን ግን ዛሬም እየከፈሉለት ነው፤ ልዩነቱ ደረሰኝ ስላልተቆረጠለት በሒሳባቸው ላይ አለመታየቱ ነው።