ሜዳው ወደ ካሜራው ወይስ ካሜራው ወደ ሜዳው?

በዚህ ወር ልጆች ከአባቶቻቸው ጋር ተቀምጠው ስለሚያዩት፣ እናቶችም «መግሪብ እኮ ደረሰ!» እያሉ ስለሚያቋርጡት ጉዳይ፣ ስለ ኳስ የቀጥታ ሥርጭት እናወጋችኋለን።

በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ በአገሩ ቴሌቪዥን አልነበረም። ቴሌቪዥኑ በ1957 ከመጣ በኋላም ቢሆን ግጥሚያን በቀጥታ ማሳየት የሠርግ ያህል ድግስ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ስቱዲዮ የተሸከመ ትልቅ መኪና፣ ጄኔሬተርና ጥቅል ጥቅል ገመድ ያስፈልጋል፤ በዚያ ላይ አልጋና ቀለብ የሚፈልገው ባለሙያ ብዛት አለ።

የዚህ ወጪ መዘዝ በ2013 ዓ.ም. በገሃድ ታየ። ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. ፕሪሚየር ሊጋችንን ለአምስት ዓመት የማሠራጨት መብት ወስዶ በታኅሣሥ ወር ማሳየት ጀመረ። በዚያው ዓመት በኮሮና ምክንያት ቡድኖቹ በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ ውድድሩ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐዋሳ ዞረ። ወረርሽኙ ጋብ ሲል ግን ቡድኖቹ ወዲያው ወደየሜዳቸው አልተመለሱም። የስታዲየሞቹ ጉድለት አንዱ ምክንያት ነው፤ ካሜራውና ባለሙያው በአንድ ቦታ መቀመጡ የሚያስቀረው ወጪም ቀላል አይደለም። በኬንያና በደቡብ አፍሪካ ያለው ወገናችን ሊጉን ለማየት በቃ፤ የአርባ ምንጭ ደጋፊ ግን የገዛ ቡድኑን በመስኮት እንዲያይ ተፈረደበት። እኔ ይህን ግማሽ ትርፍ ነው የምለው።

ዛሬ በውጭው ዓለም ካሜራው ብቻ ወደ ሜዳ ይሄድና ምስሉ በኢንተርኔት መስመር ወደ ማዕከል ይላካል። ዳይሬክተሩም፣ ጎል የሚደግመውም፣ ተንታኙም ከወንበራቸው ሳይነሡ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ይሠራሉ። (የእኛ የኤፍ ኤም ጋዜጠኞች አዲስ አበባ ሆነው ቴሌቪዥን እያዩ የእንግሊዝን ሊግ ሲያስተላልፉ ቆይተዋል፤ ችግር ያስተማራቸውን ፈረንጅ ሥርዓት አበጀለት!)

ለአነስተኛ ክለቦች ደግሞ ያለ ሰው ኳስ የሚከተል ካሜራ መጥቷል። በጥቅምት 2013 በስኮትላንድ ኢንቨርነስ ከተማ እንዲህ ያለው ካሜራ ኳሱን ትቶ የመሥመር ዳኛውን መላጣ ሲከተል ዋለ። ርካሽ ነገር እንዲህም ያደርጋል።

ታዲያ ይህ ለቀየት ልጆች ምን ይፈይዳል? የመንዝ ደጋ ያንን ትልቅ መኪና አይቶ አያውቅም፤ ሊጠብቀውም አይገባም። አንድ ደኅና ስልክ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተተክሎ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ቢልክ፣ ለ90 ደቂቃ 1.35 ጊጋ ባይት ገደማ ይበቃዋል። ይህን ወጪ ስሙ በእረፍት ሰዓት የሚጠራለት ባለሱቅ ሊሸፍነው ይችላል፤ ጅዳ ያለች እኅት ወንድሟ ጎል ሲያገባ ታየዋለች። ኔትወርኩን በዋዜማው፣ ከዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት ሞክሩት። የደጋው ነፋስ ድምፅን ያበላሻልና ማይክሮፎኑን በባና ቁራጭ ሸፍኑት። ብርዱም ባትሪ ስለሚጨርስ መጠባበቂያውን ኪስ ውስጥ አሙቁት። የልጆቹን ወላጆች ፈቃድ ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ያለ አባት ካለ ልጁ የሚሰለፍበትን ጨዋታ ሳትቀርጹ እለፉት።