የጉልበት ሥራን የሚያቀልሉ መሣሪያዎች የገበሬ ማኅበራትን ትኩረት ይሻሉ

የመኸሩ እህል ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ በጥርና በየካቲት ወራት በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ሕዝቡ ለአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ይወጣል። ዶማውና አካፋው ይነሣል፤ ድንጋይ ይፈነቀላል፤ እርከን ይሠራል፤ የደፈነ ጉድጓድ ይጠረጋል። ሥራውን ቆም ብሎ ለተመለከተው ሰው ግን ሕዝቡን አብዝቶ የሚያደክመው መቆፈሩ ሳይሆን መሸከሙ ነው። ድንጋዩ በትከሻ፣ አፈሩ በባሬላ፣ ለሠራተኛው የሚጠጣው ውሃ ደግሞ በሴቶች ጀርባ ይመጣል። ማታ ወገቡን ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባው ገበሬ የደከመው በሥራው ብዛት ብቻ ሳይሆን ሥራውን በሠራበት መንገድ ጭምር ነው።

የማኅበራት መሪዎች ስለ መሣሪያ ሲነጋገሩ ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ትራክተርንና የሞተር ፓምፕን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚነቅፈውም የለም። ይሁን እንጂ ትራክተሩን እየጠበቁ በጉድጓዳቸው አፍ ላይ አንዲት በከራ ያልሰቀሉ፣ ለእርከን ሥራ አንድ የእጅ ጋሪ ያላዘጋጁ ማኅበራት ጥቂት አይደሉም። እነዚህ መሣሪያዎች ነዳጅ አይጠይቁም፤ መለዋወጫ ከባሕር ማዶ አያስመጡም፤ ከመንደር አናጢና ከቀጥቃጭ እጅ አይወጡም። ሕዝቡን አስተባብሮ ለሥራ ማውጣት ማኅበራቱ ከተመሠረቱበት ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የተለመደ ነው። የወጣውን ጉልበት መቆጠብ ግን ገና አልተለመደም።

በትምህርት ቤት መጻሕፍት ቀላል ማሽን የሚባሉት ስድስት ናቸው። እነሱም መፈንቅል፣ መንኰራኵር ከነዘንጉ፣ በከራ፣ ዘቅዛቃ መንገድ፣ ሽብልቅና ብሎን ናቸው። ስማቸው ለአንዳንዱ እንግዳ ይሆን ይሆናል እንጂ ሥራቸው ለገበሬው አዲስ አይደለም። ማረሻው መሬቱን የሚሰነጥቅ ሽብልቅ ነው፤ መጥረቢያውም እንደዚሁ። ቀንበሩ ደግሞ መፈንቅል ነው። ጉልበታቸው ያልተመጣጠነ ሁለት በሬዎች የጠመደ ብልህ አራሽ፣ ሞፈሩ ከቀንበሩ ጋር የሚታሰርበትን ቦታ ከመካከል ወደ ብርቱው በሬ ጥቂት ጠጋ ቢያደርገው ደካማው ይቀለዋል። ከአንዱ በሬ አንገት እስከ ሌላው ያለው ርቀት 1 ሜትር ቢሆንና ማሰሪያው 5 ሳንቲ ሜትር ቢጠጋ፣ ከሸክሙ መቶ እጅ 55ቱ በብርቱው፣ 45ቱ በደካማው በሬ ላይ ያርፋል። የመፈንቅል ምሥጢር በሙሉ ይኸው ነው። የሚቆጠረው የሸክሙ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ሸክሙ ከመደገፊያው ያለው ርቀትም አብሮ ይቆጠራል።

ይህንኑ በዲጂኖ ማየት ይቻላል። 1 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ዲጂኖ ጫፉ ከድንጋይ ሥር ገብቶ፣ ከጫፉ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ጠንካራ መደገፊያ ቢደረግለት፣ ለእጅ የሚቀረው 135 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ የዚያኛው ዘጠኝ እጥፍ ነው። በጫፉ ላይ የሚያርፈው ክብደት 180 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ እጅ የሚጫነው 20 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይሆናል። አራት ጎልማሶች ተረባርበው ያልነቀነቁትን አንድ ሰው ያነሣዋል ማለት ነው።

ይህ ቅናሽ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። ድንጋዩ 5 ሳንቲ ሜትር ብድግ እንዲል እጅ 45 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ጉልበት ዘጠኝ እጅ ቀነሰ፤ መንገዱ ዘጠኝ እጅ ረዘመ። ከስድስቱ መሣሪያዎች ከዚህ ሕግ የሚያመልጥ አንድም የለም። ጉልበትንም ጊዜንም ርቀትንም በአንድ ጊዜ የሚቀንስ መሣሪያ አለኝ ብሎ ወደ ማኅበር ጽሕፈት ቤት የሚመጣ ሻጭ ቢኖር፣ መሪዎች በትሕትና ሊሸኙት ይገባል። ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? የሰው ወገብ 20 ኪሎ ግራም ዘጠኝ ጊዜ ማንሣት ይችላል፤ 180 ኪሎ ግራም አንድ ጊዜ ማንሣት ግን አይችልም። መሣሪያው ከአቅም በላይ የሆነውን ሸክም በአቅም ልክ ቆራርሶ ያቀርባል።

በሥራ ቦታ የሚታየው ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ በመደገፊያው ላይ ነው። ወጣቶች ቸኩለው ዲጂኖውን በለስላሳ አፈር ላይ ያስደግፉታል፤ አፈሩ ይሰምጣል፤ ድካሙ ከንቱ ይቀራል። ወይም መደገፊያውን ወደ መካከል ይገፉትና ዘጠኝ እጅ የነበረውን ጥቅም ወደ አንድ ያወርዱታል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ማንጠፍ፣ ወደ ሸክሙ ማስጠጋት፣ ድንጋዩ በተነሣ ቁጥር ሥሩን በትናንሽ ድንጋይ ማስደገፍ ያስፈልጋል። ዲጂኖውን በሁለት እግር መካከል አድርጎ መቆም ደግሞ ፈጽሞ መከልከል አለበት። ሸክሙ ቢያመልጥ ብረቱ ወደ ላይ የሚመለሰው በዚያው በዘጠኝ እጥፍ ፍጥነት ነውና።

ከአክሱም በስተምዕራብ ባለው በጎቦ ዱራ የድንጋይ መቁረጫ ሥፍራ፣ የጥንት ሰዎች ሽብልቅ ያስገቡባቸው ተራ በተራ የተሰለፉ ቀዳዳዎች እስከ ዛሬ በድንጋዩ ላይ ይታያሉ። ትልቅ ቋጥኝ በመዶሻ ብቻ ለመፍለጥ ቀኑን ሙሉ የሚታገል የዛሬ ሠራተኛ ከዚያ የሚማረው አለው። በአንድ መስመር ጥቂት ቀዳዳ በስቶ ሽብልቆቹን በየተራ እየመቱ መሄድ ድንጋዩን በተፈለገው አቅጣጫ ይሰነጥቀዋል።

ከሁሉ ይልቅ መሪዎች ሊያተኩሩበት የሚገባው ግን የውሃው ጉዳይ ነው። የእርከን ሥራ በዓመት የተወሰኑ ሳምንታት ነው፤ ውሃ መቅዳት የየዕለት ሥራ ነው። በእጅ በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ አንዲት እናት ጎንበስ ብላ፣ እግሯን በረጠበ ግንድ ላይ አሳርፋ፣ ገመዱን በመዳፏ እየሳበች ባልዲውን ታወጣለች። ገመዱ ከግንዱ ጋር ሲፋተግ ጉልበቷን ይበላል፤ ራሱም ይበላል። እግሯ ቢንሸራተት የሚይዛት ነገር የለም።

በጉድጓዱ አናት ላይ በሁለት ባላ የተጋደመ እንጨትና አንዲት በከራ ቢኖሩ ምን ይለወጣል? እውነቱን ለመናገር ክብደቱ አይቀንስም። አንድ ቦታ የተሰቀለች በከራ 20 ኪሎ ግራም ውሃ ለማውጣት 20 ኪሎ ግራም፣ ለፍትጊያውም ጥቂት ተጨምሮ፣ መሳብን ትጠይቃለች። የምትለውጠው አቅጣጫውን ነው። ወደ ላይ በወገብ ይሳብ የነበረው ወደ ታች ይሳባል፤ የሰውነት ክብደት ራሱ ይረዳል፤ ሳቢዋም ከጉድጓዱ አፍ ፈቀቅ ብላ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ለወገብ ሕመምና ለአደጋ ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም።

ክብደቱንም መቀነስ የሚፈልግ ማኅበር እጀታ ያለው ተሽከርካሪ ግንድ ያሠራ። የግንዱ ውፍረት ከመካከሉ እስከ ዳሩ 10 ሳንቲ ሜትር፣ የእጀታው ክንድ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለ20 ኪሎ ግራም ውሃ 5 ኪሎ ግራም ያህል መግፋት ይበቃል። 12 ሜትር ጥልቀት ካለው ጉድጓድ ለመቅዳት እጀታው 19 ጊዜ ያህል መዞር አለበት፤ እጅም በአጠቃላይ 48 ሜትር ይጓዛል። ሕጉ ያው ነው፤ ሩብ ጉልበት፣ አራት እጥፍ መንገድ። ነፍሰ ጡርም ሆነች አረጋዊት የምትመርጠው የትኛውን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ባልዲው ሞልቶ ሳለ እጀታው ከእጅ ቢያመልጥ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ክንድ ይሰብራል። ስለዚህ ግንዱን ይዞ የሚያቆም የእንጨት ወይም የብረት መቀርቀሪያ ከመጀመሪያው አብሮ መሠራት አለበት። ሁለተኛው የእጀታው ከፍታ ነው። አናጢው በራሱ ቁመት ለክቶ ከሠራው ለአብዛኞቹ ሴቶች ይረዝምባቸዋል። ውሃ የሚቀዱት እነሱ ናቸውና ሲለካ እነሱ ቆመው ይለካ። ስለ ጉድጓድ የሚመክር ኮሚቴ ውሃ ቀድተው የማያውቁ ወንዶች ብቻ የሚቀመጡበት ከሆነ ውጤቱ ከወዲሁ የታወቀ ነው።

ጥልቀቱ ብዙ ባልሆነ ጉድጓድ ላይ የገመድ ፓምፕ የሚባለውንም ማሰብ ይቻላል። በመንኰራኵር ላይ የሚዞር ገመድ በየመካከሉ ክብ ላስቲኮች ይታሰሩበትና በቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ ውሃውን ይዞ ይወጣል። ጉድጓዱም ሊከደን ስለሚችል ውሃው ከቆሻሻ ይጠበቃል። መሠረቱ ከተሽከርካሪው ግንድ የተለየ አይደለም።

ወደ እርከኑ ሥራ ስንመለስ፣ 60 ኪሎ ግራም አፈር በባሬላ ሲሄድ ሁለት ሰዎች ባሬላውን ሳይጨምር እያንዳንዳቸው 30 ኪሎ ግራም ይሸከማሉ። የእጅ ጋሪ ላይ ግን ሸክሙ ከጎማው ዘንግ 50 ሳንቲ ሜትር፣ እጀታው ደግሞ 150 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢገኝ፣ 40ውን ኪሎ ጎማው ይሸከማል፤ ለእጅ የሚተርፈው 20 ነው። ያውም በአንድ ሰው። ሁለተኛው ሰው ለሌላ ሥራ ተለቀቀ ማለት ነው። ሸክሙ ወደ ጎማው በቀረበ መጠን እጅ ይበልጥ ይቀለዋል፤ ይህን የማያውቅ ጫኝ ድንጋዩን ወደ እጀታው ከምሮ ጋሪውን ይወቅሳል።

ነገር ግን የእጅ ጋሪ ለሁሉ ቦታ አይሆንም። በገደላማ ተራራ ላይ ይዞ መውጣት ከመሸከም ይብሳል፤ ቁልቁል ሲሄድም ነጂውን ጎትቶ ይጥላል። የሚጠቅመው የተራራውን ወገብ ተከትሎ በተደለደለ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ መንገዱን መደልደል ከሥራው መጀመሪያ መሆን አለበት። ወደ ላይ መውጣት የግድ ሲሆን ደግሞ ጠመዝማዛ መንገድ ይቅደድ። 10 ሜትር ከፍታ በ20 ሜትር መንገድ ከመውጣት በ100 ሜትር መንገድ መውጣት ሽቅብ የሚገፋውን ጉልበት ወደ አምስተኛ እጅ ያወርደዋል። አህያ ይህን ያለ አስተማሪ ታውቀዋለች፤ ዳገት ላይ ብትለቀቅ እየጠመዘዘች እንጂ ቀጥ ብላ አትወጣም። 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን በርሜል በ1 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ መኪና ለመጫንም 4 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ወፍራም ጣውላዎች አጋድሞ ማንከባለል ይቻላል፤ የሚጠይቀው 50 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ነው። ብሎንም ቢሆን በዘንግ ላይ የተጠመጠመ ዳገት ማለት ነው። ሾፌሮች ክሪክ እያሉ የሚጠሩት ማንሻ ከባድ መኪና የሚያነሣው በዚሁ ዘዴ ነው።

መንኰራኵር በደረቀ ዘንግ ላይ ሲዞር ከጉልበቱ ብዙውን ፍትጊያ ይወስደዋል። ቅባት ያጣ ጋሪ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ግሪስ ቢጠፋ ሞራ ለጊዜው ያገለግላል፤ በየሳምንቱ መቀባቱ ነው ዋናው። ስለ ጋሪና ስለ እርሻ መሣሪያ መሻሻል የተደከመው ዛሬ ብቻ አይደለም። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ካዱ በሚል ስም የታወቀው የጭላሎ የልማት ድርጅት በአሰላ በእንስሳ የሚሳቡ ጋሪዎችንና መሣሪያዎችን ሲሠራና ሲሞክር ነበር፤ በዚያችው ከተማ ዛሬም የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል ይገኛል። በአካባቢው ያሉ ማኅበራት ጠይቀው ሊረዱ ይችላሉ።

ሌላው ሁሉ ግን በየቀበሌው ባለው ቀጥቃጭና አናጢ ይሠራል። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ነውር አለ። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው በስድብ ስም የሚጠራ፣ ከማኅበራዊ ኑሮው የሚያርቅ መንደር ዛሬም አልጠፋም። ቀጥቃጩ ተዋርዶ ልጁን ለሌላ ሥራ ሲልክ፣ መንደሩ መንኰራኵሩን ከማን ሊያገኝ ነው? የማኅበር መሪዎች ቀጥቃጩን ስብሰባ ላይ ጠርተው ሊያማክሩት፣ የሠራበትንም በወቅቱ ሊከፍሉት ይገባል።

በመዋጮ የተገዛ የእጅ ጋሪ በጽሕፈት ቤት ተቆልፎ፣ ቁልፉ ስብሰባ በሄደ ሰው ኪስ ውስጥ የሚገኝበት ጊዜም አለ። መሣሪያው ሥራው ባለበት ጎጥ ይደር፤ የሚቀባው፣ የላላውን ብሎን የሚያጠብቀው አንድ ሰው በስሙ ተመድቦ ይታወቅ። ለጥር ሥራ የሚሆነው በኅዳርና በታኅሣሥ ለቀጥቃጩ ቢታዘዝ ይደርሳል። የጉድጓዱ ገመድ ግን ወር የሚያስጠብቅ አይደለም፤ በግንዱ ላይ ሲፋተግ የኖረው ቦታ ክሩ ተበጣጥሶ እንደሆነ ነገ ጠዋት ሄዶ ማየት ይቻላል።