የሴቷ ልጅ ድርሻ የት ሄደ?

እዚህ ገላፊ፣ ጅቡቲ መግቢያ ላይ፣ እንጀራ ፍለጋ ከወሎና ከሸዋ የመጡ ቤተሰቦች አሉ። ወላጆች ከአገር ቤት ምጣዱን ብቻ አይደለም ይዘው የመጡት፤ «ወንዱ ይቅደም» የሚለውንም ነው።

ሁሉም ቤት እንዲህ ነው አልልም። ግን ወንዱ ተማሪ ከትምህርት ወጥቶ የሹፌሮች መኪና ያጥባል፣ ባገኛት ብር ምግብ ቤት ገብቶ ሩዙን፣ ፓስታውን፣ የፍየል ሥጋውን ይበላል። ማታም ቤት ድርሻው ተቀምጦ ይጠብቀዋል። እህቱስ? በዚህ ሙቀት ጋግራ፣ አቅርባ፣ የተረፈውን በሻይ ታወራርዳለች። «ሴት ልጅ ትንሽ ይበቃታል» ሲባል ሰምታችኋል አይደል?

ነገሩ እኮ ተቃራኒው ነው! የወር አበባ ስላለ፣ የአሜሪካ የሥነ ምግብ መመሪያ ከ14 እስከ 18 ዓመት ላለች ልጅ በቀን 15 ሚሊ ግራም አይረን ይመክራል፤ ለወንዱ 11። ሰውነት አይረንን ይበልጥ በቀላሉ የሚወስደው ከሥጋ ነው፤ ሥጋው ግን ወደ ወንዱ ይሄዳል። ከምግብ ጋር የሚጠጣው ሻይ ደግሞ ከሽሮና ከምስሩ የምታገኘውን ይቀንስባታል። ከዚያ ክፍል ውስጥ ደክሟት ስታንቀላፋ «ሰነፍ» ትባላለች።

ኑሮ እንደተወደደ አውቃለሁ፤ ሥጋ ግዙ አላልኩም። ያለውን አንድ ትሪ ላይ፣ በአንድ ሰዓት፣ እኩል ይብሉ። ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉ፣ ሻዩን አንድ ሰዓት አዘግዩት።

ወንድሞችም ማታ ስትገቡ ሳህኑን ከመክፈታችሁ በፊት «አንቺስ በላሽ?» በሏት።