ቡችላ ደጅ ይልመድ፤ ደጅ ማለት ግን የጎረቤት ደጃፍ አይደለም!



በሠፈራችን ቡችላ የሚያሳድገው ቤት በርክቷል። ጅብና ሌባ ባለበት በጅጅጋችን ለግቢ ጠባቂ ውሻ ማሳደግ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። የሚያጨቃጭቀን ቡችላው የት ይጸዳዳ የሚለው ነው። ገሚሱ «ቤት ውስጥ፣ ካርቶን ላይ ይልመድ» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ደጅ ይውጣ» ይልና የግቢውን በር ወለል አድርጎ ይከፍታል። እኛ ሁለቱንም እንቃወማለን!

በመጀመሪያ የካርቶኑን ነገር እንመልከት። ቡችላ ቦታ የሚለየው በእግሩና በአፍንጫው ነው። ካርቶን ላይ ያስለመዳችሁት ነገ ምንጣፉ ላይ ቢደግመው ጥፋቱ የማን ነው? ዛሬ ቤት፣ ከሦስት ወር በኋላ ደጅ እያሉ ሁለት ጊዜ ማስተማርስ ምን የሚሉት ድካም ነው? ከዚህም በላይ አብዛኛው ጎረቤታችን የሻፊዒ መዝሃብ ተከታይ ነው። በዚህ መዝሃብ የውሻ እርጥበት የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር፣ ካልታጠበ ንጹሕ አይሆንም። ውሃ በጀሪካን እየገዛን በምንኖርበት ከተማ ጎረቤት ሊጠይቀን መጥቶ የሚሰግድበት ቦታ ይጣ? ይህ ጉርብትና ነው?

«ሌሊት ጅብ ይበላብናል፤ ገናም አልተከተበም» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ግን ይህ የማደሪያ ጉዳይ እንጂ የመጸዳጃ ጉዳይ አይደለም። በረንዳ ላይ በሣጥን ይደር፤ ከመተኛቱ በፊት ግቢ ውስጥ አውጥታችሁ መልሱት። ማን ከለከለ?

በር ከፋቾቹ ደግሞ የባሱ ናቸው። ውዱእ አድርጎ ወደ መስጊድ የሚሄድ ሰው ምን ረግጦ እንደሚያልፍ አስበውታል? ቡችላ ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ ወስፋት ይዞ ሊወለድ ይችላል። የወስፋቱ እንቁላል አፈር ውስጥ ሳምንታት ከቆየ በኋላ አፈር የሚጫወት ሕፃንን ይይዛል። የበግና የፍየል ጥሬ ጉበትና ሳንባ የተጣለለት ውሻ የሚያወጣው የትል እንቁላልም በሰው ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያበቅላል። ከሐምሌ እስከ መስከረም የከረን ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ሁሉንም ጠራርጎ ይወስዳል፤ ከከተማ ወጣ ሲል ደግሞ ብርካ የሚሞላው በጎርፍ ነው። ያልተከተበ ቡችላስ መንገድ ላይ ቢለቀቅ ለራሱ መች ይበጀዋል?

እንግዲህ መንገዱ አንድ ነው። ደጅ፣ ግን በገዛ አጥር ውስጥ! ከቤቱና ከውሃ በርሜሉ የራቀ አንድ ጥግ ምረጡ። ቡችላውን ሲነቃ፣ ሲበላ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ ወደዚያው ውሰዱት። የሁለት ወር ቡችላ ቀን ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ እምብዛም አይችልም። እንደተጸዳዳ ወዲያው አሞግሱት፤ ቁራሽም ስጡት። ቢሳሳት አትምቱት፤ አፍንጫውንም ቆሻሻው ላይ አትሹት፤ ተደብቆ መጸዳዳትን ብቻ ይማራል። ዓይነ ምድሩን በየቀኑ በአካፋ አንስታችሁ በጥልቀት ቅበሩ። የወስፋት መድኃኒት ስጡት፤ ሦስት ወር ሲሞላውም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡት።

ጊዜ የለንም የሚል ካለ ቡችላም አይኑረው። ቡችላው የእናንተ ከሆነ ቆሻሻውም የእናንተ ነው!

ከሠፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር