ከፓነሉ ዋት በፊት ባትሪው

ከጎንደር ተነስቶ በሸህዲና በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የሚዘልቀው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ቆላውን አቋርጦ ያልፋል እንጂ ከከተማ ለራቀው የሰሊጥ እርሻ ካምፕ አይወርድም። እዚያ የሚያዋጣው ሶላር ነው።

ችግሩ ዕቃው የሚሸጠው በፓነሉ ዋት መሆኑ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚነበበው 100 ዋት የተለካው ፓነሉ 25 ዲግሪ ላይ ሳለ ነው። በቆላው ፀሐይ 65 ቢደርስ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ እየቀነሰ 84 ይሆናል። ይህስ ይሁን፤ ዋናው ኪሣራ ያለው ባትሪው ላይ ነው። የአሲድ ባትሪ ሙቀቱ ከ25 በላይ በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ገንዘቡን እያቀለጠ ነው።

ስለዚህ ሒሳቡ ከማታው ይጀምር። ባለ 5 ዋት 4 አምፖሎች ለ5 ሰዓት 100 ዋት-ሰዓት፣ ሦስት ስልክ 30 ያህል፣ ባለ 15 ዋት ቬንትሌተር ለ8 ሰዓት 120፤ ድምሩ 250 ነው። (ቬንትሌተሩን ቅንጦት የሚል የመተማን ሌሊት አያውቅም።) ይህ በ12 ቮልት 21 አምፔር-ሰዓት ማለት ነው። የአሲዱ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ለአንድ ሌሊት ብቻ 42 ያስፈልጋል፤ የክረምቱን ደመና ላሰበ እጥፉ። የሊቲየሙ 80 በመቶውን ስለሚሰጥ ለአንድ ሌሊት 26 ይበቃል፤ እሱም ቢሆን ከ45 ዲግሪ በላይ መሞላት አይወድምና ጥላ ይሻል። ፓነሉ ከ80 እስከ 100 ዋት ቢሆን በቂ ነው። ባለ 200 ፓነል ከትንሽ ባትሪ ጋር የገዛ፣ ባትሪው እኩለ ቀን ሳይደርስ ይሞላና የተረፈው ፀሐይ ለከንቱ ይቀራል።

አስመጪው ካርቶኑ ላይ የባትሪውን ዋት-ሰዓትና የሚችለውን ሙቀት በጉልህ ቢያሰፍር፣ በጥቅምትና በኅዳር ሰሊጡን ሸጦ የሚመጣው ገበሬ በምን እንደሚያማርጥ ያውቃል።