ብርሌው አለ፣ ምሳሌው የት ሄደ?

«ባህል መጠበቅ ማለት እንዲህ ነው!» አለኝ ወዳጄ፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ ካጋመሰ በኋላ። የነበርነው በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት፣ አማና በምትባል የጀርመን ዘሮች መንደር፣ ሚልስትሪም በተባለች አነስተኛ ቢራ መጥመቂያ ውስጥ ነው። ቢራውን አላማውም፤ የብቅሉ ጣዕም ጉሮሮ ላይ ይቆያል። የማማው ወዳጄ ያስከተለውን ሐሳብ ነው። «እኛም በዓመት አንድ ጊዜ ጠጅና ዶሮ ወጥ አቅርበን፣ እስክስታ ብንወርድ ልጆቻችን ማንነታቸውን አይረሱም» አለ።

ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች የጠበቁት ምንድን ነው? የአማና አባቶች ስለ እምነታቸው ሲሉ በ1840ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከጀርመን ተሰደው፣ ከ1855 ጀምሮ አዮዋ ላይ የሰፈሩ ናቸው። በሰባት መንደሮቻቸው እስከ 1932 ድረስ መሬቱም ወፍጮውም የጋራ ነበር፤ ምግቡም የሚበላው ከጋራ ማዕድ ቤት ነበር። ጸሎታቸውም የቤት ጨዋታቸውም በጀርመንኛ ነበር። ወዳጄ «የአባቶች ቅርስ» ብሎ ያደነቃት መጥመቂያ ግን የተቋቋመችው በ1985 ነው። በዕድሜ እኔና እሱ እንበልጣታለን!

አጠገባችን ተቀምጠው የነበሩ አንድ የአገሩን ሽማግሌ ስለ ቋንቋው ጠየቅኋቸው። «አያቴ በጀርመንኛ ስትጸልይ እሰማ ነበር። እኔ ይገባኛል፤ መናገር ግን ያቅተኛል። የልጅ ልጆቼ የሚያውቁት ‹ፕሮስት› ማለት ብቻ ነው» አሉኝ። ፕሮስት ጀርመኖች ብርጭቆ ሲያጋጩ የሚሉት ቃል ነው። ከአንድ ቋንቋ የተረፈው የጽዋ ማጋጫው ብቻ ሆነ ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ በደል ደርሶባቸዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በሜይ 1918፣ የአዮዋው ገዥ ዊልያም ሃርዲንግ በትምህርት ቤት፣ በባቡር፣ በስልክ፣ በአደባባይና በቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር አወጁ። «የባቢሎን አዋጅ» የሚባለው ይኸው ነው። ነገር ግን አዋጁ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ተሽሯል። ተነጥለው ይኖሩ የነበሩት አማናዎችም ከብዙዎቹ የአሜሪካ ጀርመኖች ይልቅ ቋንቋቸውን ረዘም ላለ ጊዜ አቆይተዋል። ሰባት ወር ያልሞላው አዋጅ ብቻውን ቋንቋ አይገድልም። አዋጅ ያስደነግጣል፤ የሚገድለው ግን ከድንጋጤው በኋላ ወላጅ ለልጁ የሚመርጠው አፍ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ልጄ ዶሮ ወጡን ጣቱን እየላሰ ይበላል። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል ግን «ሃሎ» ይልና ስልኩን እንደ ጋለ ብረት ለእኔ ያቀብለኛል። ማንም ገዥ «በስልክ አማርኛ አትናገሩ» ብሎ አላወጀብንም! አማናዎች የሚያሳብቡበት አዋጅ አላቸው፤ እኛ ምን አለን?

«ልጁ በትምህርቱ ወደ ኋላ እንዳይቀርብን ብለን ነው» የሚሉ አይጠፉም። እኔም ብያለሁ። ሆኖም እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤቱም፣ ቴሌቪዥኑም፣ መንገዱም ሳንለምናቸው ያስተምሩታል። አማርኛውን ከቤት በቀር የሚሰጠው የለም። ነገሩ ለልጁ ማሰብ አልነበረም። ከሥራ ደክመን ስንገባ የቀለለንን መረጥን፤ ስንፍናችንን ግን አርቆ አሳቢነት ብለን ጠራነው።

እንጀራው ይቅር፣ ጠጁ ይደፋ አላልሁም። ጠጁም ይጣል፣ ቡናውም ይፈላ። ነገር ግን ዓመት በዓል ቋንቋን ተክቶ አይሠራም። አባቶቻችን «ጠጅ በብርሌ፣ ነገር በምሳሌ» ሲሉ ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ብርሌ ከሱቅ ይገዛል፤ ምሳሌ ግን ከእናትና ከአባት አፍ ካልሆነ አይገኝም።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለኝ ወዳጄ፣ ሂሳብ እየከፈለ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው መልሴ። የፊታችን እሑድ እናቴ ስትደውል ልጄ የሚያቀብለኝን ስልክ አልቀበለውም። ይንተባተብ። እሷም ትሳቅበት፣ እሱም ይፈር። ከዚያ በኋላ ጠጁን እንጠጣለን።