18 ዓመት የሞላት ተማሪዬ የት ትምረጥ?



ሰሞኑን እዚህ ገዳሪፍ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 38 ሳስተምር፣ 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ የመምረጥ መብት አለው አልኩ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኔ 18 የሞላኝ መጠለያ ውስጥ ነው። የት ልምረጥ?» መልስ አጣሁ።

የምርጫ አዋጁ (1162/2011) መራጭ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ መሆን አለበት ይላል። ነፍሱን ይዞ ከመተማ ወደ ጋላባት የተሻገረ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? በ2013ቱ ምርጫ አገር ውስጥ ለተፈናቀሉ ልዩ ጣቢያ ተዘጋጅቶ ነበር። እኛም ተፈናቃዮች ነን፤ ልዩነታችን ድንበር መሻገራችን ብቻ ነው።

ሱዳን ራሷ በጦርነት እየነደደች እንዴት ይሆናል የምትሉ አላችሁ። ከባድ መሆኑ አይጠፋኝም። ግን ሚያዝያ 1985 ኤርትራውያን ስደተኞች እዚሁ ሱዳን ሆነው በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጥተዋል። ዛሬ ኮሮጆ ይምጣልን አልልም፤ ሕጉ ግን ስደተኛ ዜጋ መኖሩን ይወቅ።

እስከዚያው የቀበሌ መታወቂያችሁንና የልጆቻችሁን የትምህርት ማስረጃ በደንብ ያዙ። አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቻችን ደግሞ፣ ዕጩዎች ቅስቀሳ ሲመጡ ስለ እኛም ጠይቁልን።